በኳራንቲን የጎበኘናቸው ሁለት ፓርኮች

ባለፈው ሳምንት ምሳዬን መኪና ውስጥ ረስቼ ሥራ ገባሁ። ሺፍቴን ጨርሼ በሩን ስከፍት ሽታው ፊቴን መታኝ። በቬጋስ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ታፍኖ የዋለ ምስር ወጥ ነው፤ የጎመዘዘ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ከሁሉም በላይ ጎልቶ የሚጮህ። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ ዕቃውን ይጥላል፣ በቃ። እኔ ግን መኪናው አጠገብ ቆሜ አፈርኩ። ማንም አላየኝም፣ ማንም ምንም አላለኝም፤ ግን ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። በፈረንጆች 2021 በጋ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ሎን ማውንቴን ከሚባለው ተራራ አጠገብ ያለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ጠብቆኝ ነበር።

ሳላሳምር ነው የምጽፈው። ያኔ ያሳመርኩት ይበቃል።

ከዚያ በፊት በኮቪዱ ምክንያት ዓመቱን ሙሉ ቤት ነበርን። ካዚኖዎቹ ሲዘጉ አባቴን ከሥራ ሌይኦፍ አደረጉት። ጠዋት ጠዋት ይላጫል፣ ሸሚዝ ይለብሳል፣ ከዚያ የሚሄድበት ስለሌለ ጋራዡን ከፍቶ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጥና ተራራውን ያያል። ታናሽ እህቴ ማሂ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አባዬ ተራራውን እንዲጠብቅ የተቀጠረ መስሏት ለጎረቤት ልጅ ትኮራበት ነበር። እኔ ትልቅ ስለሆንኩ አልተሳሳትኩም፤ ግን እኔም ዝም አልኳት። አባዬ በዚያ ዓመት የገባልን ቃል አንድ ብቻ ነው፦ «ሥራ የጠሩኝ ዕለት ካሊፎርኒያ ወስጄ ሁለቱን ፓርኮች አሳያችኋለሁ።» ሁለቱ ፓርኮች እህትማማች ናቸው ይል ነበር። በራቸው ፊት ለፊት ነው፣ ከአንዱ ወጥተሽ መቶ እርምጃ ሳትራመጂ ሌላው ውስጥ ነሽ።

ቤተ ክርስቲያናችን ያኔ በዙም ነበር። እሑድ እሑድ ሳሎን ተሰብስበን፣ አባዬ ከላይ ክራባት ከታች ቁምጣ፣ የሰው ሁሉ ኮርኒስ እያየን እንዘምራለን። ከዙሙ ሁሉ የማስታውሰው አንድ ግንባር ነው። እማማ አስካለ ካሜራውን ማስተካከል ስለማይችሉ ሁልጊዜ የሚታየው ግንባራቸው ብቻ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ጸሎተኛ እሳቸው ናቸው። ሥራ የፈለገ፣ የመኖሪያ ወረቀት የዘገየበት፣ ልጁ ያመጸበት፣ ሁሉም ለእሳቸው ይደውላል። ሄንደርሰን ውስጥ፣ ከዋተር ስትሪት ጀርባ፣ ሰው ቤት አንድ ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ይኖራሉ። መኪና የላቸውም። አንድ ልጃቸው ሀገር ቤት ናት፤ ዜግነት ካገኙ ሊያስመጧት ነው፣ የሚያወሩትም የሚጸልዩትም ይህንኑ ነው።

እኔና እሳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ ልውውጥ ነበረን። እኔ የዜግነቱን ፈተና ጥያቄ በእንግሊዝኛ እጠይቃቸዋለሁ፤ እሳቸው አማርኛ ያስጽፉኛል። በሳምንት አንድ ገጽ ጽፌ ፎቶ አንስቼ እልካለሁ።

«ፕሬዚደንቱ ቢሞት ማን ይተካል?» እላለሁ።

«ቫይስ ፕሬዚደንት። ይሄማ ምኑ ከበደ? ምክትል የሚቀመጠው ለዚሁ አይደል እንዴ!»

«እማማ፣ ዝም ብለው መልሱን ብቻ ይበሉ። እዚያ ሲሄዱ አስተያየት አይሰጡም።»

«እሺ አስተማሪዬ። አሁን ደግሞ ያንቺን ገጽ እያየሁት ነው። ይሄ ፊደል አንድ እግሩ የት ሄደ? አካል ጉዳተኛ አደረግሽው እኮ!»

የኢንተርቪው ቀጠሮ ደረሳቸው። ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት። አባዬ በስልክ «እኔ አደርስዎታለሁ፣ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፣ ይዤዎትም እመለሳለሁ» ሲላቸው አጠገቡ ነበርኩ። እማማ ቀጥለው ያሉት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ሰው እንዳለኝ አውቄ ነበር።»

በሳምንቱ ሥራ ቦታው ጠራው። የሚጀምረው ከመጪው ሳምንት በኋላ ሰኞ ነው። ፓርኮቹ የሚያስገቡት አስቀድሞ ቀን ሪዘርቭ ላደረገ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ሰኞ በፊት ባዶ ቦታ የቀረው ማክሰኞና ረቡዕ ብቻ ነው። አባዬ ማክሰኞ ታናሺቱን ፓርክ፣ ረቡዕ ታላቂቱን ያዘ። እናቴ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብላ አየችና «ረቡዕ እኮ…» አለች። «አውቃለሁ» አላት። አባዬ ወጥቶ ጋራዥ ተቀመጠ።

እሑድ ከዙም በኋላ እናቴ ለእማማ ደወለች። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛ እየጠረገች ነው፤ የተጠረገውን መልሳ ትጠርጋለች። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሻንጣ እየሞላሁ ነበር።

«እማማ፣ ስለ ረቡዕ ነበር የደወልኩት…»

«አዎ ሰናይት፣ ቀሚሴን ተኩሻለሁ።»

«ጎሽ። እና… ምን ነበር…»

አልቻለችም። እናቴ መዋሸት አትችልም፤ ፊቷ ላይ ሁሉ ነገር ይጻፋል። እውነቱንም መናገር አቃታት። ጸጥታው ረዘመ፣ ረዘመ። እኔ ደግሞ ጸጥታ አልወድም፤ የሆነ ነገር ካልተደረገ ያሳክከኛል። አሳልኩ።

ሳል አልያዘኝም ነበር። ማንም ሳይ አላለኝም።

«ማን ናት ያሳለችው? ቤዛ ናት?» አሉ እማማ።

«እ… አዎ።»

«ትኩሳት አላት?»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ራሴን ነቀነቅሁና ሌላ ጨመርኩላት፤ ይሄኛው ከደረት የሚወጣ፣ ቲቪ ላይ እንዳየሁት ያለ ነበር።

«ትንሽ አላት መሰለኝ» አለች እናቴ።

«በሉ በቃ፣ ኳራንቲን ናችሁ! ማናችሁም እንዳትወጡ። ስለ እኔ አታስቡ፤ ጌታ መኪና አያጣም።»

ስልኩ ሲዘጋ እናቴ «ማን ሳይ አለሽ አንቺ?» ብላ ጨርቁን ወረወረችብኝ። አባዬ ከጋራዥ ገብቶ «ምን አሉ?» ሲል፣ «ኳራንቲን ገባን» አለችው። መጀመሪያ እሷ ሳቀች፣ ከዚያ እሱ፣ ከዚያ እኔ፣ ማሂ ደግሞ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ከሁላችንም በላይ። ከውሸቱ ይልቅ ያ ሳቅ ነው ዛሬም የሚያሸማቅቀኝ። በዓመቱ ውስጥ አራታችንም አንድ ላይ የሳቅንበት ሌላ ቀን አላስታውስም።

ሰኞ ረፋዱ ላይ የእማማ ስልክ መጣ። «መስኮት ላይ ብቅ በሉ፣ ልያችሁ።» ውጭ እግረኛ መንገዱ ላይ ቆመዋል፤ ሁለት ማስክ ደርበው፣ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው። ደጃፋችን ላይ በፎጣ የተቋጠረ ድስት አለ። ከሄንደርሰን እኛ ጋ ሁለት ባስ ነው፤ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው። እኔ እየሮጥኩ ብርድ ልብስ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁ። እናቴ ሻሿን ዝቅ አድርጋ አሰረች። ማሂ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ በተሰባበረ አማርኛዋ «ኢማማ፣ ነገ እኛ ሂድ ነው!» እያለች በደስታ ትጮኻለች፤ ደግነቱ መስኮቱ ዝግ ነው። እማማ ጃንጥላውን መሬት አስቀምጠው እጃቸውን ወደ ቤቱ ዘርግተው ጸለዩ። ረጅም ጸሎት ነበር። የጎረቤት ውሻ ይጮህባቸዋል፣ ፀሐዩ አናታቸው ላይ ነው። እኔ ብርድ ልብሱ ውስጥ እያላበኝ፣ ቶሎ አሜን በሉ እያልኩ በልቤ እለምናለሁ።

ወደ ባስ ማቆሚያው ሲሄዱ አባዬ ቁልፉን አነሳ። «ላድርሳቸው?»

«ኳራንቲን ነን እኮ» አለች እናቴ።

ቁልፉን መልሶ አስቀመጠው።

ድስቱ ውስጥ የድንችና የካሮት አልጫ ነበር። በማግስቱ በረሃው መሃል ነዳጅ ማደያ አቁመን በላነው። ጣፋጭ ነበር። ሁለት ጊዜ ጨመርኩ።

ስለ ፓርኮቹ ብዙ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን ጥቂት ነው። ታናሺቱ ጋ ማሂ በተሳፈርንበት ሦስተኛ መጫወቻ ላይ አባዬ ሸሚዝ ላይ አስታወከችበት፤ አባዬ አልተናደደም፣ ሽንት ቤት አጥቦት እርጥቡን ለብሶ «አሁን ቀዘቀዝኩ» አለ። ለአንድ ዓመት ያላየሁት አባቴ ነው ያን ዕለት የመጣው። እማማ ከሰዓት ደውለው ነበር፤ «ምስር ሠርቼ ደጃፍ አስቀምጫለሁ፤ ተኝታችሁ ይሆናል ብዬ አላንኳኳሁም» አሉ። እናቴ አመሰገነቻቸው። ከዘጋች በኋላ «በዚህ ሙቀት…» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም።

ረቡዕ ታላቂቱ ጋ ነበርን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ተሰልፈን ሰዓት አየሁ፤ አሁን እየተጠየቁ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በሩ ተከፈተና ረሳኋቸው።

ከሰዓት ከአንድ ጀልባ ወርደን ነበር። በጨለማ ዋሻ ውስጥ ገብቶ የሚወጣ ትንሽ ጀልባ ነው። ገና እግራችን መሬት ሲረግጥ የእናቴ ስልክ ጮኸ። ሁላችንንም ጎትታ አንድ ግድግዳ ጀርባ ወሰደችን። ጫጫታ ስላለ ስፒከር ላይ አደረገችው።

«ሙዚቃው ምንድን ነው?» አሉ እማማ።

«ቲቪ ነው። ልጆቹ ናቸው።»

«ይክፈቱ፣ ይክፈቱ፤ ሕመም ያሰለቻል። ምስሩን በላችሁ?»

«በጣም ጣፈጠን እማማ። ኢንተርቪውስ እንዴት ሆነ?»

«እሱን ስትድኑ አወራችኋለሁ። ይልቅ ስሚኝ ሰናይት፣ ጠዋት ስጸልይላችሁ አየኋችሁ።»

እማማ አየሁ ካሉ አይተዋል፤ በቤተ ክርስቲያናችን ይህንን የሚጠራጠር የለም።

«አራታችሁም ጀልባ ላይ ናችሁ። ትንሽ ጀልባ ናት። ጨለማ ውስጥ ገባችሁ። ፈራሁላችሁ። ግን ወዲያው በወዲያ በኩል ብርሃን ሆነና ወጣችሁ። አይዟችሁ፣ ይሄ በሽታ ያልፋል።»

ከጀልባው የረጨኝ ውሃ ሱሪዬ ላይ ገና አልደረቀም። ስልኩ ሲዘጋ «እማዬ፣ አውቀዋል! አይተውናል!» አልኩ። ቀና ብዬ ሰማዩን ሁሉ አየሁ፣ ከየት በኩል እንደሚያዩን ልፈልግ። እናቴ ማስኳ ውስጥ አለቀሰች። አባዬ «ማን ነገራቸው? ማን ነገራቸው?» ይላል፣ ማሂ አይስክሬም ትላለች። እናቴ ዓይኗን ጠርጋ አይስክሬሙን ገዛችላት። እስከ መዝጊያ ሰዓት ቆየን። ይህንንም ልጻፈው፤ ወዲያው ወደ ቤት አልተመለስንም። እኔም ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፍርሃቴ ለቀቀኝና እንደገና ተሰለፍኩ።

ሐሙስ ከሰዓት ስንደርስ ድስቱ ደጃፍ ላይ ነበር። ሽታው ከድስቱ ቀድሞ መኪናው ድረስ መጣ። ክዳኑ ተነስቶ ጉንዳን ዙሪያውን ከቦታል። ፎጣው ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘ ወረቀት፣ እኔ እንዳነበው ብለው ፊደሉን ትልልቅ አድርገው ጽፈውታል፦ «ቤዛ፣ ለጉሮሮሽ ብዬ በርበሬውን ቀንሼ ነጭ ሽንኩርት አብዝቻለሁ።» እናቴ ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ቆሻሻ መጣያው ሮጠች። በበረኪና ሦስት ጊዜ አጠበችው።

ከዚያ የማስመሰያውን ኳራንቲን በእውነት ተቀመጥን፤ መውጣት አልቻልንም፣ ሰው ያየናላ። አባዬ ብቻ ሰኞ ተደብቆ ሥራ ገባ። እማማ በስልክ «ቤዛ፣ አልጋ ላይ ሆነሽ እንዳይሰለችሽ ደብተርሽ ላይ ጻፊ፤ ስንገናኝ በእጄ አየዋለሁ» አሉኝ። የምጽፈው ነገር አልነበረኝም። በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ሌላ ነገር ነው። እሱን ጻፍኩ፦

«ሁለት ፓርኮች አሉ። እህትማማች ናቸው። ታላቂቱ ቤተ መንግሥት አላት። ሰው ሁሉ እሷን ያውቃል። ታናሺቱ ውሃ ዳር ትልቅ የሚዞር ክብ አላት። ታላቂቱ ቆንጆ ናት፣ ግን ቆንጆ መሆኗን ታውቃለች። ታናሺቱ እንድትወደድ ትለፋለች። ታላቂቱ ጋ ወረፋው ረጅም ነው። ታናሺቱ ጋ ጥላ አለ፣ በቆሎውም ይሻላል። ታናሺቱ ጋ ማሂ አስታወከች። ታላቂቱ ጋ እማዬ አለቀሰች። እኔ ታናሺቱን እመርጣለሁ።»

ያለማንም እርዳታ የጻፍኩት የመጀመሪያው ሙሉ ገጽ ነው። አንድም ፊደል እግሩ አልጎደለም። ልቀድደው ይገባ ነበር፣ አውቃለሁ፤ አሳሳኝ። «ሄድን» የሚል ቃል እስካልጻፍኩ ድረስ ቲቪ ላይ ያየሁት ይመስላቸዋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ማሂንና እማዬን እዚያ ውስጥ ማስገባቴን እንደ ማስረጃ አልቆጠርኩትም፤ እንደ ጥሩ ጽሑፍ ነበር የቆጠርኩት።

በዚያው ሳምንት እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል ተከፈተ። ወንበሮቹ ተራርቀው ተደርድረዋል። እማማ ከፊት ነበሩ፤ ሙሉ ፊታቸውን ካየሁ ዓመት አልፎኛል፣ ከስተዋል። ደብተሩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው «ጸሎቱ እስኪጀመር ላንብበው» አሉ።

መዝሙሩ እንዳለቀ ፓስተሩ ማይኩን ያዘ። «እግዚአብሔር ከመካከላችን አንድ ቤተሰብ ፈውሷል! እህታችን አስካለ በጾም ይዘዋቸው ነበር። ኑ፣ መስክሩ።» ጭብጨባው ወደ ፊት ገፋን። አባዬ ማይኩን ተቀብሎ ጫማውን አየ። ለእናቴ ሰጣት፣ እናቴ አለቀሰች፣ ሰው የምስጋና እንባ መስሎት እልል አለ። ከዚያ ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ። ማይኩን ከእጇ ወሰድኩ።

«ለአምስት ቀን የምግብ ጣዕም አልታወቀኝም ነበር» አልኩ። «እማማ ምስር ሠርተው አመጡልኝ። ስቀምሰው ነጭ ሽንኩርቱ ታወቀኝ። ጌታ ይመስገን።»

አዳራሹ ተናወጠ። አንዷ ሴትዮ ተንበረከከች። እኔ እማማን አየሁ። ደብተሩ ጭናቸው ላይ ተከፍቷል፣ ጣታቸው መጨረሻው መስመር ላይ ነው። ቀና ብለው አዩኝ። ደብተሩን ዘጉት። ከሌላው ሰው ሁሉ ዘግይተው፣ ቀስ ብለው «አሜን» አሉ።

ከአምልኮ በኋላ ፓርኪንግ ላይ ብቻዬን ስቆም መጡ። ደብተሩን መለሱልኝ።

«ጥሩ ተጽፏል» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ «ለምንድነው ታናሺቱን የመረጥሽው? አስረጂኝ።»

የማፍርበት ይህ ነው። አስረዳኋቸው። ፊታቸው ላይ ቁጣ ስላላየሁ የዳንኩ መሰለኝና ተነሳሳሁ፤ ክቡ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከተማው ሁሉ እንደሚታይ፣ አባዬ እርጥብ ሸሚዝ ለብሶ እንደዋለ፣ በቆሎው ላይ የሚነሰነሰው ቅመም ምን እንደሚመስል፣ በእጄም በእግሬም አሳየኋቸው። እማማ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው፣ እየሳቁ፣ «ኧረ! ከዚያስ?» እያሉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እኔ ብሄድስ፣ የቷ ትሻለኝ ነበር?» አሉ።

«እርስዎ? እርስዎማ አይችሉም። ፀሐይ ላይ ብዙ መቆም አለ።»

«መቆሙንስ እችላለሁ» አሉ፣ ልክ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል እንደሚያርሙኝ ባለ ድምፅ። «ያን ረቡዕ ባስ ማቆሚያው ላይ ሁለት ሰዓት ቆሜያለሁ። በኮቪዱ ምክንያት ጥቂት ሰው ነበር የሚጭኑት፤ ሁለቱ ሞልተው አለፉኝ። ስደርስ ስሜ ተጠርቶ አልፏል። ሌላ ደብዳቤ እስኪመጣ ጠብቂ አሉኝ።»

ጸጥታ የማልወደው እኔ፣ አንድ ቃል አጣሁ።

«ለእናትሽ አትንገሪያት፤ ትጨነቃለች» አሉና ጃንጥላቸውን ዘረጉ።

አባዬ ክላክስ አደረገ። ማሂ መስኮቱን አውርዳ «ቤዚ፣ ነይ! ራበኝ!» ትላለች። ሄጄ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። እናቴ «ምን አሉሽ?» አለችኝ። «ጥሩ ተጽፏል አሉ» አልኩ። ከፓርኪንጉ ስንወጣ በአጠገባቸው አለፍን፤ በእግረኛው መንገድ ወደ ባስ ማቆሚያው እየሄዱ ነው፣ እጃቸውን አወዛወዙልን፣ እኛም አወዛወዝን። መኪናችን አምስት ሰው ይይዛል። እኛ አራት ነን።